የጀበል ደሃብ ካርታ

ዙህራ የመጨረሻዋን ሚስማር በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቃ ስታወጣ ካርታው ከግድግዳው ተላቀቀና የዘመናት አቧራውን እላይዋ ላይ አራገፈ። እያስነጠሰች ወደ ጠረጴዛው ስትወስደው ታናሽ ወንድሟ አብዱልናስር በሱቁ በር ገባ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"የአባባን ካርታ እያወረድኩ ነዋ።"

"እሱንማ አየሁ። ለምን ብዬ እኮ ነው።"

ዙህራ የአቡጀዲድ ጣቃዎቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ካርታውን ዘረጋችው። ከጀርባው ሸራ የተለጠፈበት፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ትልቅ ወረቀት ነው። ቡናማ መስመሮች እየተጠማዘዙ ተራሮቹን ያሳያሉ። ሰማያዊ ቁርጥራጭ መስመሮች በክረምት ብቻ የሚፈሱት ደረቅ ወንዞች፣ የአገሩ ሰው ኮር የሚላቸው ናቸው። እዚህም እዚያም ሁለት መዶሻ ተጠላልፎ ተስሏል፤ እሱ የማዕድን ጉድጓድ ምልክት ነው። ከሱዳኗ ገዳሪፍ በስተምሥራቅ፣ ወደ ድንበሩ ጠጋ ብሎ ያለው ያ አገር ጀበል ደሃብ ይባላል፤ የወርቅ ተራራ ማለት ነው። ከጣሊያን ጦርነት በፊት አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ወርቅ ያወጣበት ነበር። የዙህራ አባት በጎረምሳነቱ ከጎንደር ተሻግሮ እዚያ ሲቀጠር ሥራው ባለቀለም ዘንግ ተሸክሞ በቀያሹ ፊት ፊት መሄድ ሆነ። ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ድንጋይ ከምር ሲሉት ይከምራል። ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ለእሱ የተረፈው ይህ ካርታ ነበር። ኋላ ገዳሪፍ ላይ ሱቅ ከፍቶ ልጆች ሲያሳድግ ሴት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ "መስመሩ ከተጠጋጋ ዳገቱ ከፍቷል፤ ከተራራቀ አህያም አይደክማት" እያለ ያስተምራት ነበር።

"ያ የካርቱም ሰው ሐሙስ ይመጣል" አለ አብዱልናስር። "ቃል ሰጥቼዋለሁ እኮ። ካርታው ለእሱ፣ አራት አዲስ ጎማ ለእኔ። ሎሪዋ በምን ጎማ እንደምትሄድ ታውቂያለሽ።"

"ሰውየው የሚፈልገው ወርቁን ነው።"

"አንቺስ?"

"ውሃውን።"

አብዱልናስር ሊስቅ ከጀለና ፊቷን ሲያይ ተወው።

ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ዓመቱ ሰባ ሰባት። ዝናቡ ሱዳንንም ኢትዮጵያንም ከድቶ ከአርማጭሆ፣ ከመተማ፣ ከዚያም ወዲያ ያለው ሰው ድንበሩን እያቋረጠ ይገባ ነበር። የቆዩት የስደተኛ ሰፈሮች፣ እነ ኡም ጋርጉር፣ ሞልተዋል። ስለዚህ አዲሶቹን ከወንዝ የራቀ ሜዳ ላይ አሰፈሯቸው። ውሃ በቦቴ ይመጣላቸው ነበር፤ ናፍጣ ካገሩ ሲጠፋ ቦቴውም ቀረ። ትናንት ዙህራ የመስጊዱ ሰዎች ያዋጡትን ዱራ፣ ማሽላ ማለት ነው፣ ይዛ በወንድሟ ሎሪ ወደዚያ ሰፈር ሄዳ ነበር። ደብሪቱ የምትባል የአርማጭሆ ሴት ከኮሩ ውስጥ የቆፈረችውን ጭቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ እየጨመቀች፣ የሚንጠባጠበውን በልጇ ከንፈር ላይ ስታደርግ አየች። ልጁ አያለቅስም። ለማልቀስም እንባ ያስፈልጋል። ዙህራ ያመጣችው ዱራ ከጆንያው ሳይወጣ ቀረ፤ በምን ይቀቀል?

"አባባ ሁልጊዜ የሚለውን ታስታውሳለህ" አለችው። "ጀበል ደሃብን የዘጋው ወርቅ ማለቁ አይደለም፣ ውሃ ነው ይል አልነበር? በቆፈሩ ቁጥር ከሥር እየፈለቀ፣ ሞተሩ ቀን ከሌት ቢመጥም ስላልቻለው እኮ ነው ጥለውት የሄዱ።"

"ሃምሳ ዓመት አለፈው፣ ዙህራ! ማን ያውቃል፣ ተደርምሶ ይሆናል። ናፍጣ እንደሆነ የቀረኝ አንድ በርሜል ነው። ከእሱ በኋላ ኸላስ፣ ማፊ፤ አለቀ፣ የለም።"

"ሎሪዋ ለሌላ ምን ሥራ አላት? ከሀዋታ የሚጫን እህል እንደሁ ዘንድሮ የለ።"

"አልሄድም።"

"እንግዲያው ሹፌር እፈልጋለሁ።"

"ሎሪዬንማ ሌላ ሰው አይነካትም!"

"እኔስ ምን አልኩ? አንተ ንዳት።"

አብዱልናስር በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር እያጉተመተመ ወጣ። ዙህራ በበሩ አንገቷን አውጥታ ስታይ ከሎሪዋ ሥር ተንበርክኮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጡጫው ይመታ ነበር።

በማግስቱ ጧት ሰፈሩ ሲደርሱ ካሣ መንገድ ላይ ወጥቶ ተቀበላቸው። ካሣ የደብሪቱ ባል ነው። በደጉ ዘመን በየዓመቱ ለሰሊጥና ለዱራ አጨዳ ወደ ሱዳን ይመላለስ ስለነበር አረብኛ ይሞክራል፣ መንገድ ያውቃል፤ የአገሩን ሰዎች ከአርማጭሆ እየመራ ያመጣቸውም እሱ ነው። አጠገቡ ሱሩር ቆሟል፤ ለሰፈሩ ውሃ እንዲያቀርብ የተመደበ ሱዳናዊ መሐንዲስ። የሱሩርም ከንፈር እንደ ስደተኞቹ ተሰነጣጥቋል።

ዙህራ ካርታውን በሎሪዋ አፍንጫ ላይ ዘርግታ ነገሩን በአረብኛ ስታስረዳው መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ።

"ጀበል ደሃብ? እህቴ፣ እዚያ ወርቁን በምን ይለዩት እንደነበር ታውቂያለሽ? በሜርኩሪ ነው። መርዝ ነው። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ሰው ዛሬ ቢጠጣው ዛሬ አይገድለውም፤ ቆይቶ ያሽመደምደዋል። በልጆች ደግሞ ይጀምራል።"

"መርምረህ ማወቅ አትችልም?"

"ናሙናው ካርቱም ደርሶ እስኪመለስ ክረምት ይገባል።"

ካሣ ወደ መሐንዲሱ ጠጋ አለ። "ባሽሙሀንዲስ" አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "ክረምት ሲገባ ማንን ልታጠጣ ነው?"

ሱሩር ወደ ካርታው አጎነበሰ። ዙህራ በትምህርት ቤት የቀሰመቻትን ጥቂት እንግሊዝኛ ይዛ ደቃቃዎቹን ፊደሎች ስትለቃቅም፣ እሱ እየተቀበለ ሲተረጉም፣ የወርቁ ማጠቢያ ያለበት ትንሽ ካሬ ተገኘ። ከአንደኛው ጉድጓድ ጎን ነው። ሁለተኛው ጉድጓድ ግን ከብቻው ርቆ ተስሏል።

"እነዚህ መስመሮች ተጠጋግተዋል" አለች ዙህራ፣ ጣቷን በሁለቱ መካከል እየሳበች። "ሸንተረር ነው ማለት ነው።"

"አዎን፣ ሸንተረር ነው።" ሱሩር ቁጥሮቹን ለማንበብ ዓይኑን አጠበበ። "እጣቢው ወደ ምዕራብ ነው የሚወርደው። ሁለተኛው ጉድጓድ በምሥራቅ ነው፣ ያውም ከፍ ብሎ። መርዙ ሽቅብ ወጥቶ ሸንተረር አይሻገርም።" ቀና አለና ሜዳውን ሁሉ በዓይኑ ዞረው፤ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ደርድረው ከደረቀው ታንከር ሥር ተቀምጠዋል። "ቢሆንም..."

"ቢሆንም ምን?"

"ቢሆንም እኔ ሳላየው ማንም አይጠጣም። አብሬ እሄዳለሁ።"

ጉልበት የተረፋቸው ወንዶች አካፋ፣ ገመድ፣ ዲጂኖና ባዶ በርሜሎች ይዘው ሎሪዋ ላይ ወጡ። ከመካከላቸው ታምሬ የሚባል ረጅም ሰው ነበር፤ ልጁን እመንገድ ላይ ቀብሮ የመጣ። ከማንም ጋር አይነጋገርም። ባዶ ባልዲ አቅፎ ከኋላ ተቀመጠ።

ካርታው መጀመሪያ ላይ እንደ ጥሩ መንገደኛ መራቸው። ሜዳው አለቀ፣ ጥቋቁር ድንጋይ የበዛበት መሬት ተተካ፣ ጉብታዎቹ በተባሉበት ቦታ ብቅ ብቅ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን የሚሻገሩት ኮር ጠፋ። በካርታው ላይ ሰፊ ሰማያዊ መስመር ነው፤ በምድሩ ላይ ግን የተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና የደረቀ ሣር ብቻ። አብዱልናስር ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

"ካርታሽ ዋሸ፣ እቴ። ናፍጣው እየተጋመሰ ነው። አሁን ካልተመለስን እኛም እነሱም እዚሁ እንቀራለን።"

ዙህራ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ከሰዎቹ እኩል ነው ከጧት ጀምሮ የጠጣችው። ካርታውን አየች፣ ምድሩን አየች፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እነዚህን ሰዎች ወዴት ነው ያመጣኋቸው ብላ ፈራች።

ካሣ ከላይ ዘሎ ወርዶ በመስኮቱ አጠገብ ቆመ። "ኮር ማለት ምን እምነት አለው" አለ። "ጎርፍ በመጣ ቁጥር ቤቱን ይቀይራል። ተራራ ግን የት ይሄዳል? ተራራ አልሣለም ካርታውን የሠራው ሰው?"

ሣለ እንጂ። በቅርቡ ያለው ኮረብታ አናት ላይ በመካከሏ ነጥብ ያለባት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነበረች። የእሷን ትርጉም አባቷ ነግሯታል፤ ቀያሹ መሣሪያውን የተከለበት፣ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ነው። ዙህራ ካርታውን ብብቷ ሥር አድርጋ ኮረብታውን ተያያዘችው። ካሣ ተከተላት። ፀሐዩ ናላ የሚያዞር ነበር፤ እሾኹ ቀሚሷን እየያዘ ያስቀራታል፣ እሷም እየነጨች ትወጣለች።

አናቱ ላይ ክምሩ ነበር። እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዩ በሥርዓት የተደራረበ። ዙህራ እጇን አሳረፈችበት፤ ድንጋዩ ያቃጥላል።

"ማን ከመረው?" አለ ካሣ።

"አባቴ ይሆናል። ወይም አብሮት የሚሠራ ሰው።"

"ነፍስ ይማር።" ወዲያው አዙሮ አሰበና፣ "አላህ ይማረው እንጂ" ብሎ አስተካከለ። ከዚያ ከክምሩ ሥር ወድቃ የነበረች አንዲት ድንጋይ አንሥቶ ወደ ቦታዋ መለሳት።

ዙህራ ካርታውን ክምሩ ላይ ዘርግታ፣ የተሣለው ሹል ተራራ በሩቅ ከሚታየው ጋር እስኪገጥም ድረስ አዞረችው። ሲገጥም ምድሩ እንደገና ፊቱን አሳያት፤ ያ ሸንተረር፣ ያ ጎባጣ፣ በመካከላቸው የምትገባው ጠባብ በር። እጇን ዘረጋች። "እዚያ ነው።" ካሣ አልተጠራጠራትም። እያንሸራተተው ቁልቁል ሮጠ፣ ለሹፌሩ ሊነግር።

ጀበል ደሃብ ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት የዛገ የእንፋሎት ሞተር ነበር፤ ቀጥሎ ጣሪያ የሌለው ግንብ፣ ሣር ያልበቀለበት አመድማ የአፈር ክምር። ከክምሩ ጀርባ የአንደኛው ጉድጓድ አፍ ተከፍቷል። ጉድጓድ ይበሉት እንጂ ወደ ውስጥ የሚወርድ ዋሻ ነው፤ ከዓለት የተፈለፈለ ደረጃ አለው። ከደረጃው ግርጌ ውሃው ያብረቀርቃል።

ሎሪዋ ሳትቆም ነው ሰዎቹ የዘለሉት። ዙህራም ዘለለች። እንዴት እንደቀደመቻቸው ራሷም አታውቅም፤ ከዋሻው አፍ ላይ ሁለቱን እጆቿን ከግራና ቀኝ ዓለት ላይ ገትራ ቆመች። ፊት ለፊቷ ታምሬ ነበር፣ ባልዲውን እንደያዘ።

"እህቴ፣ ዞር በይ።"

"አልዞርም።"

"ውሃ እያየን እንሙት?"

"ይኼ ማጠቢያው ነው፣ መርዙ ያለበት። ሌላው ከሸንተረሩ ማዶ ነው።"

"ከሌለስ?"

ዙህራ እጆቿን ከዓለቱ ላይ አላነሣችም። ከሌለ ምን እንደሚሆን እሷም አታውቅም። ከኋላዋ የውሃው ቅዝቃዜ አንገቷን ይነካታል፤ የእሷም ምላስ ከላንቃዋ ተጣብቋል።

"ከሌለ" አለች በመጨረሻ፣ "ተመለስና እኔን ገፍተህ ግባ። አልከለክልህም። እስከዚያ ግን እንሞክር። ሰፈር ላሉት ልጆች ስትል ይሁን።"

ሱሩር በአረብኛ እየጮኸ ደረሰ፤ ሰዎቹ ግን እሱን አልሰሙትም። የሰሙት ካሣን ነው። ካሣ ከሎሪዋ ላይ ዲጂኖውን አውርዶ በትከሻው አድርጎ ነበር። "ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ሲባል አልሰማችሁም? ይኼው እየሳቀላችሁ ነው" አለ። "ኑ፣ እንሂድ።" ዞር ብሎም ሳያይ ሸንተረሩን መውጣት ጀመረ። አንድ ሰው ተከተለው፤ ሌላውም። ታምሬ ከሁሉም በኋላ ነው የተነሣው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ተደፍኖ አገኙት። ኩባንያው ሲሄድ ወፋፍራም ግንዶች አጋድሞበት፣ ድንጋይና አፈር ከምሮበታል። ሰዎቹ ድንጋዩን ማንከባለል ያዙ። ማንም እንደ ታምሬ አልሠራም፤ አካፋው ሲሰበር በእጁ ዛቀ። ግንዶቹ ግን በሰው ጉልበት ንቅንቅ አላሉም። አብዱልናስር ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ ጀላቢያውን አውልቆ፣ ሸንተረሩን በሎሪ ዞሮ መጣ፤ በሰንሰለት አሥሮ ግንዶቹን ተራ በተራ ጎተተ። በጎተተ ቁጥር ሎሪዋ ስታቃስት እሱም አብሯት ያቃስት ነበር።

የጉድጓዱ አፍ ሲከፈት ውስጡ ድቅድቅ ነው። ሱሩር ድንጋይ ወረወረ።

ደረቅ ድምፅ መለሰ።

ዙህራ ባለችበት ተቀመጠች። ታምሬ ወደ እሷ ዞሮ አየ። ካሣ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ወደ ጨለማው ሰጠ። "ድጋሚ ወርውር" አለ። "እንጨት የተመታ ይመስላል። ከግድግዳው ጠጋ አድርገህ ወርውር።"

ሱሩር ከግድግዳው ጠጋ አድርጎ ለቀቀው። ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ከታች ውሃ ተንቦጫረቀ።

ማንም እልል አላለም፤ ጉሮሮው ከየት መጥቶ። ባልዲው በገመድ ወረደ፣ ሞልቶ ወጣ። ውሃው ጥርት ያለ፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚሸት፣ እጅ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ነው። ሱሩር ባልዲውን በሁለት እጁ ከበበው።

"ቆዩ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው፤ ከእኔ በፊት ማንም አይጠጣም።" አንድ ጣሳ ሞልቶ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ሥሩ ጨለጠው። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቁት። "ናሙናውን አሁንም ካርቱም እልካለሁ" አለ ከንፈሩን እየጠረገ። "ልቤ የሚለኝ ግን ንጹሕ ነው። ቀስ እያላችሁ ጠጡ።"

ታምሬ ተራው ሲደርስ ጣሳውን ተቀበለ። መጀመሪያ ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሰ፤ የልጁን ስም ጠርቶ። ከዚያ ጠጣ።

ጥላው ሲረዝም ምክር ያዙ። ውሃውን ወደ ሰው ማመላለስ የማይቻል ነገር ነው፤ ናፍጣ የለም። ካሣ ነገሩን ቆረጠው። "ሰው ነው ወደ ውሃው የሚመጣ። ዛሬ በርሜሎቹን ሞልተን እንሂድና ጉሮሮ እናርጥብላቸው። ደካሞችና ልጆች በሎሪ፣ እኛ በእግር።"

"ያን ካደረግሁ" አለ አብዱልናስር የናፍጣውን ማጠራቀሚያ በእንጨት እየለካ፣ "ለገዳሪፍ መመለሻ ጠብታ አይተርፈኝም።"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አብዱልናስር እንጨቱን በጀላቢያው ጠረገ። "በቃ፣ ሎሪዋ እዚሁ ትክረማ" አለ። "ያ የካርቱም ሰው ሐሙስ ሲመጣ ግድግዳውን አይቶ ይመለስ። ደብሪቱንና ልጁን ከፊት አስቀምጣቸዋለሁ፣ አያ ካሣ።"

ካሣ አንገቱን ሰብሮ አመሰገነው።

በርሜሎቹን ሞልተው ሸንተረሩን ዞረው ሲመለሱ ሎሪዋ እንደገና በአንደኛው ጉድጓድ አጠገብ አለፈች። ዙህራ ከፊት ተቀምጣ ያን ክፍት አፍ፣ ያን የተዘጋጀ ደረጃ አየች። የኩባንያው አሮጌ መንገድ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። ነገ በእግር የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ነው። ሸንተረሩን ገና መውጣት አለበት፤ ውሃው ደግሞ እዚሁ እግሩ ሥር ይስቅለታል።

"አቁም" አለች።

"ምን ረሳሽ?"

"ይኼን ጉድጓድ ማን ይጠብቀዋል?"

"ማስጠንቀቂያ እንጽፍበታለን" አለ ሱሩር ከመካከላቸው። "በሁለቱም ቋንቋ።"

"የተጠማ ሰው ምን ያነባል? አንተ የነገርካቸውን እንኳ አልሰሙህም።"

አብዱልናስር ወደ እሷ ዞረ። "እቴ፣ ሊመሽ ነው። ነገ ተመልሰን እንደፍነዋለን።"

"ከእናንተ በፊት የሚደርስ ቢኖርስ? ዛሬ ውሃ ተገኘ ስትሏቸው እስከ ነገ የሚጠብቅ እናት ታገኛለህ?"

ዙህራ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ካርታውን በመስኮቱ በኩል አቀበለችው።

"አንተ ያዘው፣ መንገዱን እንዳትስት። መጥረቢያህን ተውልኝ።"

"ብቻሽን?"

"ታምሬና ጥቂት ሰዎች ማዶ ጉድጓዱን እያጸዱ ያድራሉ። ብጣራ ይሰሙኛል።"

አብዱልናስር ጥቂት አንገራገረ፤ ከዚያ ከወንበሩ ሥር መጥረቢያውን አወጣላት። ሎሪዋ ውሃዋን እያንቦጫረቀች በጠባቧ በር አለፈች፤ የሞተሩ ድምፅም እየራቀ ጠፋ። ዙህራ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረችና ከዛገው ሞተር ጎን ያለውን ግራር ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መቁረጥ ጀመረች። እሾኹ ክንዷን እየጫረው አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች የዋሻውን አፍ እስከ ትከሻዋ ድረስ አጠረችው። ከዚያ መጥረቢያውን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ጀርባዋን ለእሾኹ፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች።